የጭራቁ ጉሮሮና ክቡር ሳድራ

የማያልቅ ሥራ የያዘ ሰው የሌለበት ሰፈር እስካሁን አልተቆረቆረም። ለሠርግ የታዘዘ ቀሚስ ለበኩር ልጅ ልደት የሚያደርስ ልብስ ሰፊ አለ፤ በር ሊገጥም መጥቶ ቁም ሣጥኑን በሙሉ ፈትቶ የሚሄድ አናጢ አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ሰነፍ የሚሉት አያውቁትም። ሰነፍ ሥራውን አስቀምጦ ይተኛል። ይሄኛው ሥራውን አቅፎ ነው የሚያድረው። ሰማይን የመዘርጋቱ ነገር ለእሱ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ እስከ ዛሬ አንዱን ጥግ ይዞ ሰማያዊነቱን ሲያይ፣ እኛም ጃንጥላ ዘርግተን ስንጠብቀው ነበር።

ደስታውንም ሐዘኑንም አብሮ ለሚሸከመው የሰፈር ማኅበራችን፣ ለባንጃራችን፣ አምላክ የሰጠን እንዲህ ያለው ሰው ጌደ ሳድራ ይባላል። ክቡር ሳድራ፤ የሽቦ ሊቅ፣ የጉርምርምታ መምህር፣ የባዶ ብስኩት ቆርቆሮዎች ባለአደራ።

የሚሠራው ከብስኩት ቆርቆሮ፣ በእግር የሚረገጥ ሣጥን ነው። የጊታር ድምፅ በአንድ ገመድ ይገባል፣ በሌላ ገመድ ይወጣል። ሙዚቀኞች ፔዳል ይሉታል። ውስጡ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለም፤ ሽቦ፣ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ቁርጥራጮችና የሳድራ ትዕግሥት ብቻ። የገባው ድምፅ እንደገባ አይወጣም። መጀመሪያ ይሻክራል፣ ይሰነጠቃል፣ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ከዚያ በማጣሪያው ያልፋል። ማጣሪያው ሲዘጋ ከወንዝ ሥር ሆኖ እንደሚያወራ ሰው ያጉረመርማል፤ ሲከፈት ከእንቅልፉ እንደነቃ እንስሳ ያዛጋል። በሙቀት ጠባዩ ይለወጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ያኮርፋል። ከደሴታችን ከባሊ ማዶ ሳይቀር ይህን ፍለጋ የሚመጡ ወጣቶች አሉ። መጥተው፣ ከግቢው ጀርባ ባለችው፣ አሁን የሥራ ቤቱ በሆነችው የቀድሞ ዳክዬ ቤት ቁጭ ብለው፣ ሩዝ ማሳው ላይ የሚያልፈውን ጭጋግና ከቆርቆሮው የሚወጣውን የድምፅ ጭጋግ አብረው ሲያዳምጡ ይውላሉ። ከዚያ ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። ምክንያቱም ሳድራ ሣጥኑን ሊሰጣቸው ዘርግቶ፣ መልሶ ወደ ደረቱ ያስጠጋውና አንዲት ቃል ይናገራል።

"ትንሽ ይቀረዋል።"

ይህችን ቃል ከሰው ሁሉ አብልጣ የሰማች ሚስቱ ካርሚኒ ናት። የሠርጋቸው ዕለት፣ ካህኑ ተቀምጠው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሙሽራው የራስ መጠምጠሚያውን አሥር ጊዜ እየፈታ ሲያስር ከመጋረጃው ወዲያ "ትንሽ ይቀረዋል" ሲል ሰምታዋለች። ያኔ ሊገባት ይገባ ነበር። እሷ ግን ለእሷ ሲል የሚጠነቀቅ መስሏት ደስ አላት።

ዳቦ ሻጩን የማያስታውስ የለም። በሞተር ብስክሌቱ ሲዞር ከሩቅ የምትሰማ አንዲት ዜማ ነበረችው፤ ልጆች በእሷ ከእንቅልፍ ይነሡ ነበር። ሳድራ አንድ ቀን አስቆመውና "ዜማህ ትንሽ ጉሮሮዋን ይዟታል፣ ላስተካክልልህ" አለው። ዳቦ ሻጩ የዋህ ነበር፤ ዜማዋን የምታጫውተውን ሣጥን ፈትቶ ሰጠው። ክረምቱ በሙሉ አለፈ። ሰውየው ያለ ዜማ ቢዞር የሚሰማው ጠፍቶ ዳቦው እየሻገተ፣ በመጨረሻ በየበሩ ቆሞ በገዛ አፉ ይዘፍን ጀመር። ደግሞ ድምፁ አያምርም።

የቤተ መቅደሱም ድምፅ ማጉያ አለ። ሳድራ ነካክቶት በበዓሉ ቀን የካህኑ ጸሎት ከኩሬ ሥር እንደሚመጣ ደወል ሆኖ፣ እየተንሳፈፈ፣ በግንቡ ላይ እየተንጠባጠበ ወጣ። አሮጊቶች አለቀሱ። ካህኑ ራሳቸው ቃላቸውን አቁመው የገዛ ድምፃቸውን ሰሙ። "እንዲሁ ተወው ልጄ፣ እንዲሁ ይሁን" አሉት። ሳድራ ግን ፊቱን አጨማደደ፤ ድምፅ ማጉያውን ነቅሎ ይዞት ሄደ። ያን የመሰለ ድምፅ ሁለተኛ አልተሰማም።

ካርሚኒ በየማለዳው ከኮኮናት ቅጠል የተሠራች ትንሽ መሥዋዕት ለአማልክቱ ስታቀርብ፣ አንዷን የሽቦ መበየጃው አጠገብ ታስቀምጣለች። አበባ፣ ጥቂት ሩዝ። "ሰው የጀመረውን የምታስጨርስ መንፈስ ሆይ፣ ካለህ፣ ይኸው ብላ" ትላለች።

አሁን ወደ ዘንድሮው ነገር እንምጣ።

የዝምታው ቀን፣ ኒየፒ፣ ሲደርስ በመላው ባሊ እሳት አይነድም፣ መብራት አይበራም፣ መንገድ ላይ ሰው አይታይም፣ ሥራ የለም። ዋዜማው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ያን ቀን መጮህ ጸሎት ነው። ክፉ መናፍስት እንዲሸሹ ድስት ይደበደባል፣ ከበሮ ይመታል፣ ወጣቶች ከቀርከሃና ከወረቀት የሠሩትን ግዙፍ ጭራቅ ተሸክመው ይወጣሉ። ኦጎ-ኦጎ እንለዋለን። ማምሻው ላይ ይቃጠላል። በማግሥቱ ዝም።

በባንጃሩ ስብሰባ ላይ ሐሳቡን ያመጣችው አስቲቲ ናት፤ ቀን የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ፣ ማታ ጊታር መቺ። "የዘንድሮው ጭራቃችን ይናገር" አለች። "ሆዱ ውስጥ ሞንታርቦ እናስገባለን። እኔ ጊታር እመታለሁ። አደባባዩ ላይ ስንደርስ ከበሮዎቹ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ጭራቁ ብቻውን ይጮሃል።"

ወጣቱ አጨበጨበ። የባንጃሩ አለቃ ፓክ ሩንድራ፣ ፓክ የምንለው አባት ለማለት ነው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "ጉሮሮውን ማን ይሠራዋል?" ብለው ጠየቁ።

"ብሊ ሳድራ" አለች፤ ብሊ ታላቅ ወንድም እንደማለት ነው።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። "እንግዲያው ጭራቁን ለልጅ ልጆቻችን በአደራ እናስቀምጠው!" አለ አንዱ ከኋላ።

ፓክ ሩንድራ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙ። "ሳድራ፣ ራስህ ተናገር። መቼ ይደርሳል?"

ሳድራ ጆሮውን አከከ። የምር እያሰበ ነበር፤ ይህን ካርሚኒ ምላ ትናገራለች። "ግፋ ቢል…" አለ፣ "ግፋ ቢል ከዋዜማው በማግሥቱ።"

ከዚያ ጣሪያው ሊነሣ ደረሰ። "በዝምታው ቀን? ለማን ሊጮህ፣ ለጉንዳን?" "ተዉት፣ እሱ የዘንድሮን መቼ አለ!" ሰዎች እንባቸውን ይጠርጋሉ። ሳድራም አብሯቸው ፈገግ አለ፤ ሲስቁበት ምንጊዜም ከሌሎች ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚገባው።

ካርሚኒ ፈገግታውን አየችው። በቤቷ የፈለገችውን ትለዋለች፤ ቆርቆሮ ራስ ብላዋለች፣ የዳክዬ ባል ብላዋለች። ሌላ ሰው ሲለው ግን ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ቆመ። እሷም ቆመች።

"ይደርሳል" አለች። "በዋዜማው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ። ቃሌ ነው።"

"ምቦክ ካርሚኒ፣ ቃልሽን አታባክኚ" አሉ ፓክ ሩንድራ፣ በደግነት ነው፤ ምቦክ ለታላቅ እህት የሚባል ነው።

"ባይደርስ የሴቶቹን ማኅበር ሌላ ሴት ትምራው።"

የሴቶቹን ማኅበር የምትመራው ካርሚኒ ናት። ለበዓሉ የሚቀርበው መሥዋዕት ሁሉ፣ የሩዝ ኬኩ፣ የፍራፍሬው ክምር፣ በእሷ እጅ ያልፋል። ትምህርት ቤት ብዙ ያልቆየች ሴት፣ እያየች የተማረች፣ ያንን ቦታ ያገኘችው በረጅም ዘመን ነው። በሕይወቷ ሰው "አንቺ ነሽ የምታውቂው" ያላት እዚያ ብቻ ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ በማሳው ጠርዝ ላይ "ብሊ፣ ምን አደረግሁ?" አለችው።

"ጥሩ አደረግሽ" አለ ሳድራ። ከዚያ ቆመ። "ስሚ እንቁራሪቶቹን። ሁሉም አንድ ላይ ሲጮኹ መሃል ላይ የሚሰማው ያ ወፍራም ነገር ይሰማሻል? ከማናቸውም አይደለም የሚወጣው። እሱን ነው የምፈልገው።"

ካርሚኒ እንቁራሪቶቹን ረግማ ቤቷ ገባች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል፤ ሳይወድ። ሳድራ አዲሱን ሣጥን "ጉሮሮ" ብሎ ሰየመው። ማለዳ ማለዳ ዳክዬ ቤቷ ውስጥ ያጉረመርማል፣ ካርሚኒ ደግሞ ኮኮናት እየፈቀፈቀች በመስኮት ፍርድ ትሰጣለች።

"ይሄ ምን ይመስላል?"

"ጥጃዋ የጠፋባት ላም።"

ሽቦ ይነቀላል፣ ሽቦ ይተካል። "ይሄስ?"

"አሁን ጥጃዋን አገኘች።"

"አያስፈራም?"

"ብሊ፣ ይሄ እናቱ ስትጠራው ለምሳ የሚሮጥ ጭራቅ ነው!"

ችግሩ ይኸው ነበር። ሳድራ ክፉ ድምፅ መሥራት አይችልም። የቱንም ያህል ቢያሻክረው፣ ቢሰነጥቀው፣ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ነገር ሰውን ቁጭ አድርጎ ሩቅ ነገር የሚያሳስብ ነው። ማጣሪያውን የምትከፍተውና የምትዘጋው አንዲት ክብ ማዞሪያ ናት፤ ለእሷ መላውን ሐሳቡን ሰጠ። ከሚሞክራቸው ማዞሪያዎች አንዷ ቶሎ ትከፍታለች፣ ሌላዋ ታንቀላፋለች፣ ሦስተኛዋ አፍ ስትከፍት ትንተባተባለች። እየነቀለ፣ እየበየደ፣ እየነቀለ የዋዜማው ቀን ደረሰ።

ካርሚኒ ያን ቀን ከማለዳ ጀምሮ መንታ መንገዱ ላይ መሥዋዕት ስትደረድር ዋለች። እጆቿ ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ልቧ ዳክዬ ቤት ነው። ከአጠገቧ ያሉት ሴቶች ምንም አልጠየቋትም። አለመጠየቃቸው ከጥያቄ የባሰ ነበር። አንዷ ብቻ፣ የፍራፍሬውን ቅርጫት ስታቀብላት፣ "በሚቀጥለው ጊዜ ብርቱካኑን ከላይ ነው ከታች የምናደርገው?" አለች፣ ከአሁን እየተማረች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አስቲቲ ጊታሯን አዝላ እየሮጠች መጣች። "ምቦክ፣ ወንዶቹ የጭራቁን ቀርከሃ ትከሻቸው ላይ አድርገዋል!"

ካርሚኒ በጓሮ በኩል ገባች። ሳድራ ቆርቆሮውን ከፍቶ፣ ማዞሪያዋን ነቅሎ በጥርሱ ይዞ፣ ሁለት ራቁታቸውን የቆሙ ሽቦዎች ላይ አጎንብሷል።

"ብሊ፣ ስጠኝ።"

"ትን…" አለ በጥርሱ መሃል።

እንዲጨርስ አልፈቀደችለትም። ቆርቆሮውን ከእነ ገመዱ መንጭቃ ወጣች።

"ካርሚኒ! ማዞሪያ የለውም እኮ! ጉሮሮው ክፍት ነው!"

"ያንተም አፍ ክፍት ነው፣ ግን ትናገራለህ!" ብላ ሮጠች።

መንገዱ ሰው ብቻ ነበር። ረጃጅም ቀርከሃ የያዙ ጎልማሶች የመብራት ገመዶቹን ከፍ ከፍ እያደረጉ፣ ጭራቁ ከሥር እያጎነበሰ ያልፋል። ዓይኑ የድስት ክዳን ያህላል፣ ምላሱ እስከ እምብርቱ። አስቲቲ ጭራቁ በቆመበት የቀርከሃ አልጋ ዳር ተቀምጣ ጊታሯን ከቆርቆሮው፣ ቆርቆሮውን ከሞንታርቦው ጋር አገናኘች። ጄኔሬተሩ በጋሪ ከኋላ ይከተላል። ካርሚኒ በአንድ እጇ የነጠላዋን ጫፍ፣ በሌላው የቀርከሃውን ጫፍ ይዛ ከጎን ትሄዳለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ምን እንደምትለምን ራሷም አታውቅም፤ "እባክህ" የምትለዋን ብቻ ነው የምትደጋግመው።

አደባባዩ ላይ የጎረቤት ባንጃር ሰዎች ከእነ ጭራቃቸው ቀድመው ቆመዋል። አለቃቸው ፓክ ዱዋጃ ወፍራም፣ ቀልደኛ ሰው ናቸው። የኛ ከበሮዎች እንደተባለው ጸጥ አሉ። ሰው ሁሉ አንጋጠጠ። አስቲቲ ክሩን መታች።

ዝዝዝዝ።

ቀጭን፣ አንድ ትንኝ ያህል። ደግማ መታች። ዝዝዝ።

"ምን ሆነ ጭራቃችሁ?" አሉ ፓክ ዱዋጃ በዚያ በወፍራም ድምፃቸው። "ወባ ይዞት ነው?"

ያደባባዩ ሳቅ እንደ ጎርፍ መጣ። የኛዎቹ ተሸካሚዎች አንገታቸውን ደፉ። ፓክ ሩንድራ ወደ ካርሚኒ አላዩም፤ ሌላ ቦታ ማየታቸው ክብር ነበር፣ ግን ወጋት። ካርሚኒ የነጠላዋን ጫፍ ለቀቀች። "አለቀ" አለች በልቧ። ለማን እንደምታስረክብም አሰበች። ብርቱካኑን ከላይ ነው የምታደርጉት፣ ከላይ።

ያኔ ሰው እየገፋ አንድ ሰው መጣ። በአንድ እጁ ማዞሪያዋን ይዟል፤ በሌላው የሽቦ መበየጃውን ከእነ ገመዱ፣ ሶኬቱ መሬት ላይ እየተጎተተ፣ እየተንቀጫቀጨ። ክቡር ሳድራ አደባባይ ላይ መበየጃ የሚሰካበት ግድግዳ እንደሌለ እዚያ ሲደርስ ነው የገባው። ዙሪያውን አየ። ካርሚኒን አየ። ፊቷን ሲያይ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን አይታበት የማታውቀውን ነገር አደረገ፤ የያዘውን ሁሉ ጣለው።

ተንበረከከ። ሁለቱን ራቁት ሽቦዎች በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ያዘ።

"አይነዝርህም?" አለች አስቲቲ ደንግጣ።

"ቆርቆሮው በባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠራው፤ ይኮረኩራል" አለ። "ምቺ።"

መታች።

መጀመሪያ ምድር ራሷ የተነፈሰች መሰለ። ሳድራ በላብ የራሰ ጣቱን ጠበቅ ሲያደርግ ማጣሪያው ተከፈተ፣ ላላ ሲያደርግ ተዘጋ። ጭራቁ አፍ አወጣ። "ኡ" አለ፣ "ኦ" አለ፣ ከዚያ "ዋ" ብሎ ተከፈተና ድምፁ በሰው ደረት ውስጥ አልፎ፣ በሱቆቹ መዝጊያ ላይ ተንቀጥቅጦ፣ ወደ ሩዝ ማሳው ወጣ። ሕፃናት እናቶቻቸውን ያዙ። የሚያስፈራ ነበር። የሚያምርም ነበር፤ በሕልም ውስጥ ባሕር ቤትህ ደጃፍ ድረስ ሲመጣ እንደሚያስፈራውና እንደሚያምረው። ከዚያ ወዲያ የሚስቅ አልነበረም። ጭራቁ ሲተነፍስ ሰው አብሮት ይተነፍሳል። ፓክ ዱዋጃ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ለምን እንዳወለቁ አያውቁም።

ጭራቅ አደባባይ ላይ ሦስት ጊዜ መዞር አለበት። ተሸካሚዎቹ ሲዞሩ ሳድራም ዞረ፤ ጣቱን ቢያነሣ ድምፁ ይሞታላ። በጉልበቱ እየዳኸ፣ ሽርጡ እየተፈታ፣ የጭራቁ ጉሮሮ ሆኖ ዞረ። ካርሚኒ ከኋላው ሮጣ ሽርጡን ያዘችለት። እንዲህ ሆነው፣ እሱ ሽቦ፣ እሷ ጨርቅ ይዘው፣ እስከ ማቃጠያው ሜዳ ድረስ ሄዱ። ከበሮዎቹ ከኋላ መልሰው ተነሡ። እሳቱ ሲለኮስ ካርሚኒ ጎንበስ ብላ ፊቱን አየችው። ስህተት እየፈለገ አልነበረም። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ፓክ ሩንድራ ሲያልፉ ብርቱካን ሰጧት። ማኅበሩ በእጇ ቀረ።

በማግሥቱ ዝምታ ሆነ። እሳት የለም፣ መንገድ የለም፣ ማዶ ካለው ግቢ ሕፃን ቢያስል "እሽ" ሲሉት ይሰማል። ሳድራ በረንዳው ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ እጆቹን ሆዱ ላይ አድርጎ ዋለ። ሲመሽ ማንም መብራት አላበራምና ሰማዩ ወረደ፤ ከዋክብቱ የጣሪያውን ሣር የሚነኩ ይመስል ነበር። ካርሚኒ አጠገቡ ተጋደመች። እረፍት ነው። ለዚህ ነበር ዓመቱን በሙሉ የምትጸልየው፤ ጉርምርምታ ለሌለበት አንድ ቀን።

እረፍቱ ግን አልመጣላትም። ጎኗን ለወጠች። አንድ ነገር ጎድሏል። ያ ከዳክዬ ቤት የሚመጣው፣ ለጎረቤት ይቅርታ የምትጠይቅበት፣ "ዝጋው!" እያለች የምትጮህበት ማጉረምረም፣ ለካ በጀርባዋ ተደግፋው የኖረችው ግድግዳ ነው። ግድግዳው ሲነሣ ነፋስ ገባ። በጨለማው እጁን ፈለገች። አውራ ጣቱ ላይ የሽቦው ምልክት አለ፤ በጣቷ ዳበሰችው። "አመሰግናለሁ" አለች በሹክሹክታ፣ ለማን እንደሆነ ሳትናገር። ምስጋና ደግሞ አድራሻውን ራሱ ያገኛል።

ከዝምታው በኋላ ያለው ቀን ሰው ቤት ለቤት እየዞረ ይቅርታ የሚጠያየቅበት ነው። ፓክ ዱዋጃ ማለዳ መጡ፣ አንድ እቅፍ ሙዝ ይዘው።

"ስለ ወባዋ ይቅር በሉኝ" አሉ።

"ይቅር ተባብለናል፣ ፓክ። ይቀመጡ።" ካርሚኒ የሩዝ ኬክ አቀረበች።

ተቀመጡ፣ በሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ለሚቀጥለው ዓመት… የኛም ጭራቅ ቢናገር ብለን ነበር። ብሊ ሳድራ፣ ይደርስልናል?"

ሳድራ ጆሮውን ማከክ ጀመረ። "እሱማ፣ ማዞሪያዋን ገና…"

"ይደርሳል" አለች ካርሚኒ። "ቃሌ ነው።"

ፓክ ዱዋጃ ኬኩን እንደያዙ አፈጠጡባት። "ምቦክ፣ ባለፈው ያስያዝሽውን ሰምቻለሁ። እርግጠኛ ነሽ?"

"ኧረ በፍጹም" አለች፣ ሳህኑን ወደ እሳቸው ገፋ እያደረገች። "ዝናብ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል ብሎ ቃል የሚሰጥ ሰው አይተው ያውቃሉ? ቃል እኮ የሚያስፈልገው ለእንዲህ ላለው ሰው ነው። ይብሉ እንጂ።"